ፕሮፌሰር ሉድቪግ ፕራንትል፦ የአየሩን ነፋስ ፈትተው የዘመኑን ነፋስ ያላዩ መምህር

ከቦሌ ተነስቶ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ፍራንክፈርት ወይም ወደ ጅዳ የበረረ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ በመስኮቱ በኩል ክንፉን እያየ፣ ይህ ሁሉ ብረት፣ ሰውና ሻንጣ በአየር ላይ እንዴት ይቆማል ብሎ ራሱን ሳይጠይቅ አይቀርም። አውሮፕላን ያበረሩትን የራይት ወንድማማቾችን ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። ክንፍ እንዴት እንደሚያነሳ፣ አየር ለምን ወደ ኋላ እንደሚጎትት አስልተው ለመሐንዲሶች ያስረከቡትን ሰው ግን ከሙያው ውጭ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። እኚህ ሰው ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ሉድቪግ ፕራንትል ናቸው። በአምስት ኪሎም ይሁን በሌላ አገር መካኒካል ኢንጂነሪንግ የተማረ አንባቢያችን ስማቸውን ከፍሉድ ሜካኒክስ ትምህርቱ ሳያስታውስ አይቀርም።

እኛ ስለ እሳቸው ለመጻፍ የተነሳነው ግን ስለ ክንፍና ስለ ነፋስ ብቻ ለማውራት አይደለም። ፕራንትል በዘመናቸው ተወዳዳሪ ያልተገኘላቸው መምህር ነበሩ። አገራቸው በአምባገነን እጅ ስትወድቅ ከላቦራቶሪያቸው አልወጡም። ባልደረቦቻቸው ሲባረሩ ለአንዳንዱ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ አባራሪውን መንግሥት ደግሞ በውጭ አገር ወዳጆቻቸው ፊት ተሟግተውለታል። የተማረ ሰው በክፉ ዘመን ምን ያደርጋል፣ ምንስ ሳያደርግ ይቀራል ለሚለው ጥያቄ የእኚህ ሰው ሕይወት ብዙ የሚያስተምር ይመስለናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስንጠቅስ ዓ.ም. እንላለን።

ከሰጋቱራ የተነሳ ጥያቄ

ሉድቪግ ፕራንትል ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1875 በሙኒክ አቅራቢያ በምትገኘው ፍራይዚንግ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በእርሻ ትምህርት ቤት የምሕንድስና መምህር ነበሩ። እናታቸው በሽተኛ ስለነበሩ ልጁ ያደጉት ከአባታቸው ጋር ተጣብቀው ነው። የተፈጥሮን ነገር ቆም ብሎ ማየትን፣ ያዩትንም ማሰላሰልን የተማሩት ከአባታቸው እንደሆነ ይነገራል።

በ1894 በሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብተው በታዋቂው የሜካኒክስ ፕሮፌሰር በአውጉስት ፎፕል ሥር ተማሩ። በ1900 ዶክትሬታቸውን ያገኙት ስለ ፈሳሽ ሳይሆን ስለ ጠጣር ነገር፣ ይኸውም ቀጭን ወጋግራ ሸክም ሲበዛበት ወደ ጎን ስለሚጣመምበት ሁኔታ አጥንተው ነበር። ወደ ፈሳሽና አየር የሳባቸው አጋጣሚ የተፈጠረው በዚያው ዓመት ኑረምበርግ በሚገኝ የማሽን ፋብሪካ ሥራ ሲይዙ ነው። ፋብሪካው የእንጨት ፍቅፋቂና ሰጋቱራ በቱቦ እየመጠጠ የሚያስወግድ መሣሪያ ነበረው፤ ይህንን እንዲያሻሽሉ ታዘዙ። አሻሻሉትም። አንድ ነገር ግን አልገባቸውም። ቱቦው ቀስ በቀስ እየሰፋ ሲሄድ አየሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ግፊቱ መጨመር ነበረበት፤ መጽሐፉ የሚለው እንደዚያ ነው። በተግባር ግን አየሩ ከቱቦው ግድግዳ እየተላቀቀ የተጠበቀው ግፊት ሳይገኝ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን መሣሪያው ከሠራ ይበቃል ብሎ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን ጥያቄውን ይዘው ወጡ። በ1901 ገና የ26 ዓመት ወጣት ሳሉ በሃኖቨር ፕሮፌሰር ሆነው ሲሾሙም ጥያቄው አብሯቸው ነበር።

አሥር ደቂቃ የፈጀው ንግግር

የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤር በቀመር ሲያሰላ፣ ሰበቃ በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አካል ምንም ዓይነት የሚጎትተው ኃይል አያገኘውም የሚል ውጤት ላይ ደረሰ። ይህ ደግሞ በዓይን ከሚታየው ጋር ይጋጫል። ወንዝ የተሻገረ፣ በነፋስ ላይ ብስክሌት የነዳ ሁሉ የሚጎትት ኃይል እንዳለ ያውቃል። የአየርና የውሃ ዝልግልግነት ደግሞ ከማር ወይም ከዘይት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። ታዲያ ያ ሁሉ ጉተታ ከየት መጣ? ከመቶ ዓመት በላይ የሒሳብ ሰዎች በአንድ ወገን ያማረ ቀመራቸውን፣ መሐንዲሶች በሌላ ወገን በሙከራ የሰበሰቡትን ቁጥር ይዘው ሳይገናኙ ኖሩ።

ኦገስት 1904 በሃይደልበርግ ከተማ ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ሲካሄድ የ29 ዓመቱ ፕራንትል አሥር ደቂቃ ተሰጥቷቸው ተናገሩ። የተናገሩት በጉባኤው መድበል ላይ በ1905 ሲታተም ከጥቂት ገጾች አላለፈም። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። አየር ወይም ውሃ በአንድ አካል ላይ ሲፈስ አካሉን የነካው ክፍል አይንሸራተትም፤ ተጣብቆ ይቀራል፤ ፍጥነቱም ዜሮ ነው። ከዚያ ትንሽ ራቅ ሲል ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ሙሉ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እጅግ ስስ በሆነች ንጣፍ ውስጥ ነው። ሰበቃው ያለው እዚያች ንጣፍ ውስጥ ስለሆነ ከእሷ ውጭ ያለውን ፍሰት ሰበቃ እንደሌለው ቆጥሮ ማስላት ይቻላል። መሐንዲሶች ባውንደሪ ሌየር የሚሏት ይህችን ንጣፍ ነው።

አንባቢ በቤቱ ሊያረጋግጠው ይችላል። የቬንቲሌተር ክንፍ በዚያ ሁሉ ፍጥነት እየተሽከረከረ አቧራው ከላዩ አይጠፋም፤ ክንፉን የነካው አየር ከክንፉ ጋር አብሮ ስለሚዞር አቧራውን ለመጥረግ አቅም የለውም። ፕራንትል ከዚህ አልፈው ሄዱ። ግፊቱ ከፊት እየጨመረ ሲመጣ ያች የደከመች ንጣፍ ወደፊት መግፋት አቅቷት ከአካሉ ትላቀቃለች፤ ከኋላ ሽክርክሪት ይፈጠራል፤ ትልቁ ጉተታ ከዚያ ይመጣል። የሰጋቱራው ቱቦ ምስጢርም ይኸው ነበር። ይህንንም በወረቀት ብቻ አላስቀሩትም። በእጅ በሚዞር መዘውር ውሃ የሚንቀሳቀስበት ገንዳ ሠርተው፣ ውሃው ላይ የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ዱቄት በትነው ፍሰቱ ሲላቀቅ በፎቶግራፍ አሳዩ።

የጎቲንገን ዘመን

ይህንን ችሎታ ፈጥኖ ያወቀው የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ ፊሊክስ ክላይን ነው። ክላይን ዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ እጅና ጓንት ሆነው መሥራት አለባቸው ብሎ የሚያምን፣ ከባለፋብሪካዎችም ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው ነበር። በዚያው በ1904 ፕራንትልን ወደ ጎቲንገን አመጣቸው። እዚያም እስከ ዕለተ ሞታቸው ኖሩ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዊንድ ተነል ሠሩ፤ አየር በማራገቢያ እየተነዳ ሞዴል የሚፈተሽበት፣ መፈተሻው በሁለቱም አቅጣጫ 2 ሜትር የሆነ ዋሻ ነው። በዚያ ጊዜ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ የሳይንስ ሰው እንዴት መከራከር እንዳለበት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የፓሪሱን ማማ የሠሩት ጉስታቭ ኤፌል በራሳቸው ዊንድ ተነል የኳስን ጉተታ ሲለኩ ያገኙት ቁጥር ጎቲንገን ካገኘው ከግማሽ ያነሰ ሆነ። ጎቲንገኖች ኤፌል ተሳስተዋል አሉ። ኤፌልም ሙከራውን በተለያየ ፍጥነት ደግመው፣ ፍጥነት ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ጉተታው በድንገት እንደሚወድቅ አሳዩ። ፕራንትል አልተኮራረፉም፤ ምክንያቱን መፈለግ ጀመሩ። በ1914 ቀጭን ሽቦ በኳስ ፊት ላይ ዙሪያውን አስረው ለነፋስ ሰጡት። ኳሱን ሸካራ ያደረገው ሽቦ ጉተታውን መጨመር ሲገባው ቀነሰው። ሽቦው ስሷን ንጣፍ ይረብሻታል፤ የተረበሸችው ንጣፍ ከውጭው ፈጣን አየር ጉልበት እየተበደረች በኳሱ ላይ ረዘም ላለ መንገድ ተጣብቃ ትሄዳለች፤ ከኋላ የሚፈጠረው ሽክርክሪትም ይጠብባል። የጎልፍ ኳስ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ቆዳ የሚሠራለት በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱም ወገኖች የለኩት ትክክል ነበር፤ የጎደለው ማስረጃውን አንድ ላይ አድርጎ የሚያይ ሰው ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የክንፍን ስሌት ሠርተው በ1918 እና በ1919 አወጡት። ክንፍ ሲያነሳ ከሥሩ ያለው ግፊት ከላይኛው ስለሚበልጥ አየሩ በጫፎቹ በኩል ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ በዚህም ከየጫፉ የሚጎተት የአየር ጅራፍ ይፈጠራል። ለዚህ ጅራፍ የሚከፈለው ዋጋ ጉተታ ነው። ክንፉ ረጅምና ጠባብ ሲሆን ዋጋው ይቀንሳል። እንግሊዛዊው ላንቸስተር ሐሳቡን ቀደም ብሎ ማንሳቱ መዘንጋት የለበትም፤ መሐንዲስ ቁጭ ብሎ ሊያሰላበት በሚችል መልክ ያቀረቡት ግን ፕራንትል ናቸው። በ1925 ለፍሰት ጥናት የተቋቋመውን የካይዘር ቪልሄልም ኢንስቲትዩት መምራት ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት የነውጠኛ ፍሰትን ባሕርይ ለማስላት የሚረዳ ሌላ መንገድ አቀረቡ።

መምህርነታቸው

የሚገርመው ነገር፣ ፕራንትል በመድረክ ላይ የሚያምር ንግግር አልነበራቸውም። አንድ ነገር ከተናገሩ በኋላ ያንን የሚያስተካክል ሌላ፣ ያንንም የሚያስተካክል ሌላ እየጨመሩ ሰሚውን ያደክሙት ነበር። በኑሯቸውም የዋህ ነበሩ። ተማሪያቸው ቴዎዶር ፎን ካርማን በማስታወሻቸው እንደሚተርኩት፣ ፕራንትል ለማግባት በወሰኑ ጊዜ ወደ መምህራቸው ወደ ፎፕል ቤት ሄደው የልጃችሁን እጅ ስጡኝ አሉ፤ ከሁለቱ እኅትማማቾች የትኛዋን እንደሆነ መናገር ግን ረሱ። ቤተሰቡ ተማክሮ ታላቂቱን ሰጣቸው። በ1909 ጌርትሩድ ፎፕልን አገቡ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

የመምህርነታቸው ኃይል ያለው በክፍል ንግግራቸው አልነበረም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ለአቅሙ የሚመጥን፣ ግን ማንም ያልፈታውን ጥያቄ መርጠው ይሰጡ ነበር። ሐሳባቸውንም አይሰስቱም። ብላዚየስ በ1908 የስሷን ንጣፍ ቀመር ለጠፍጣፋ ገጽ ፈታ። ሂሜንትስ በሲሊንደር ላይ የሚሠራው ሙከራ አልረጋለት ሲል ፎን ካርማን ምክንያቱን ፈልገው ከሲሊንደር ኋላ በተራ በተራ የሚወለዱትን ሽክርክሪቶች በስሌት አስረዱ። ኒኩራድዘ ቱቦ ውስጥ አሸዋ እየለጠፈ ያገኘውና በ1933 የታተመው ውጤት፣ እስከ ዛሬ የውኃ ቧንቧ ስሌት የሚሠራ ሁሉ ከሚመረኮዝባቸው አንዱ ነው። ከስዊዘርላንድ አከረት፣ ከቻይና ወይዘሮ ሉ ሺጂያ በእሳቸው ሥር ተምረዋል። በዚህ ሁኔታ በርካታ አሥርት የዶክትሬት ተማሪዎች ከእጃቸው ወጥተዋል። የኖቤል ሽልማት አላገኙም፤ ተማሪዎቻቸው ግን በየአገሩ ወንበር ይዘው ትምህርቱን አስፋፉት።

የዘመኑ ነፋስ

በጃንዋሪ 1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። በኤፕሪል ይሁዲዎችን ከመንግሥት ሥራ የሚያስወጣው ሕግ ታወጀ። ጎቲንገን በጥቂት ወራት ውስጥ ማክስ ቦርንን፣ ጄምስ ፍራንክን፣ ኤሚ ኖተርን፣ ሪቻርድ ኩራንትን አጣች። ከፕራንትል ዘንድም ረዳታቸው ኩርት ሆኸንኤምዘር የአባቱ ትውልድ ተቆጥሮበት ተባረረ። አብሯቸው ይሠራ የነበረው ቪልሄልም ፕራገር ወደ ኢስታንቡል፣ ኋላም ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

ፕራንትል ምን አደረጉ? ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን ሁለቱንም ወገን እናስቀምጥ። የናዚ ፓርቲ አባል አልሆኑም። ለኩራንት በቀረበው አቤቱታ ላይ ፈርመዋል። ለሆኸንኤምዘር ተሟግተዋል። የፊዚክስ ሊቁ ሃይዘንበርግ የአንስታይንን ትምህርት በማስተማሩ የኤስ ኤስ ጋዜጣ ሲዘምትበት፣ ፕራንትል በ1938 የኤስ ኤሱን አለቃ ሂምለርን በቀጥታ አነጋግረው ዘመቻው እንዲቆም ረድተዋል። በ1941 ደግሞ ስለ ቲዎሪ ፊዚክስ መዳከም ለጎሪንግ ጽፈዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ሌላው ወገንም እውነት ነው። ናዚዎቹ አየር ኃይል ስለሚገነቡ ለጎቲንገን ገንዘብ እንደ ጎርፍ ፈሰሰላት። በጥቂቶች ቁጥብ ገንዘብ ሲሠሩ የኖሩት ፕሮፌሰር የሚመኙት ዊንድ ተነል ሁሉ ይሠራላቸው ጀመር። በጦርነቱ ጊዜም በአየር ሚኒስቴሩ የምርምር አመራር ውስጥ ተቀመጡ። በ1938 መጸው ለእንግሊዛዊው የሙያ ወዳጃቸው ለጄፍሪ ቴይለር በጻፉት ደብዳቤ ሂትለርን ደግፈው፣ በይሁዲዎች ላይ የተያዘውንም ዘመቻ አገር ራሷን ለመጠበቅ ያደረገችው ነው ብለው ተከራከሩ። ጦርነቱ ሊፈነዳ ቀናት ሲቀሩት ለቴይለር ባለቤት ሲጽፉ ጥፋቱን በእንግሊዝ ላይ አሳበቡ። ቴይለር ከእንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር ስለ ፖለቲካ መነጋገር ዋጋ እንደሌለው ተረዱ።

ይህንን የጻፈው ሰው ጨካኝ አልነበረም፤ ልክ እንደዚህ ስለሆነም ነው ነገሩ የሚያሳስበን። ለሚያውቁት ሰው አዘኑ፤ የማያውቁትን አላዩም። ስህተት ነው ያሉት ሃይዘንበርግን መንካት ነበር፤ አንስታይንን ማባረር አልነበረም። ሂምለርም ሃይዘንበርግን ሲምር፣ ሳይንሱን ከሳይንሱ ባለቤቶች ለይቶ እንዲይዝ ምክር አክሎበት ነበር። በመንግሥት ጋዜጣ ውስጥ የሠራን ሰዎች ይህን አካሄድ ከቅርብ አይተነዋል። አንዱ ባልደረባ ሲነሳ ሌላው ስለ እሱ በጎ ቃል ይናገራል፤ በማግስቱ ግን ርዕሰ አንቀጹ እንደተለመደው ይወጣል። በጎው ቃል ለሕሊና ማረፊያ ይሆናል፤ ርዕሰ አንቀጹ ደግሞ ለመንግሥት ያገለግላል።

መምህርና ተማሪ በ1945

ፎን ካርማን የሃንጋሪ ይሁዲ ነበሩ። በ1908 ከፕራንትል ዘንድ ዶክትሬት አግኝተው በአኸን ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1930 የጀርመን አየር እየከበደ ሲመጣ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገሩ። የፍሰት ሳይንስም አብሯቸው ተሻገረ። በ1930ዎቹ መምህርና ተማሪ ስለ ነውጠኛ ፍሰት ሲፎካከሩ አንዱ ጎቲንገን፣ ሌላው ፓሳዲና ላይ ነበሩ።

በሜይ 1945 ጀርመን ስትሸነፍ ፎን ካርማን የሜጀር ጄኔራል ማዕረግ ለብሰው ከአሜሪካ አየር ኃይል የሳይንስ ቡድን ጋር ጎቲንገን ገቡ። አብሯቸው በኮሎኔል ማዕረግ ተማሪያቸው ቻይናዊው ቼን ሹዌሰን ነበር። ፕራንትል የ70 ዓመት ሽማግሌ ሆነው ከተማሪያቸውና ከተማሪያቸው ተማሪ ፊት ተቀምጠው ተጠየቁ። ሦስት ትውልድ የአንድ ትምህርት ሰንሰለት በአንድ ክፍል ተገናኘ፤ የሚጠይቁት ተሰደው የሄዱት ወይም ከሩቅ የመጡት፣ የሚጠየቁት ደግሞ በአገራቸው የቀሩት ነበሩ። ፎን ካርማን በዚያው ጉዞ እስረኞች እንደ ባሪያ እየሠሩ ያለቁበትን የኖርድሃውዘንን የሮኬት ፋብሪካ አይተዋል። መምህራቸውን በሳይንስ እስከ መጨረሻው አክብረዋቸዋል፤ በፖለቲካ ግን ምንም የማይገባቸው የዋህ ነበሩ ሲሉ ፈርደውባቸዋል።

ማባረር የጀርመን ብቻ በሽታ እንዳይመስለን፣ ያው ቼን ሹዌሰን በ1950 ኮሚኒስት ነህ ተብሎ በአሜሪካ ተከሰሰ፤ አምስት ዓመት በቁም እስር መሰል ክትትል ከቆየ በኋላ በ1955 ወደ ቻይና ሄደ፤ የቻይና የሮኬት ፕሮግራም አባትም ሆነ። ሉ ሺጂያም በቤጂንግ የአየር በረራ ትምህርት መምህር ሆነች። የጎቲንገን ትምህርት በዚህ መንገድ ቤጂንግ ደረሰ።

ፕራንትል ኦገስት 15 ቀን 1953 በ78 ዓመታቸው ጎቲንገን ውስጥ አረፉ።

እኛስ ምን እንማራለን?

በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ሲባረሩ፣ የቀሩት ምን አሉ፣ የሄዱትስ የት ደረሱ የሚለውን አንባቢያችን ያውቀዋል። ያንን ከናዚ ዘመን ጋር እኩል ማድረግ አንፈልግም፤ መጠኑም ዓይነቱም ለየቅል ነው። አንድ ነገር ግን ይመሳሰላል። መምህር ሲባረር የሚሄደው አንድ ሰው አይደለም፤ በእሱ እጅ ሊወጡ የነበሩት ተማሪዎች፣ ተማሪዎቹም ሊያስተምሯቸው የነበሩት አብረው ይሄዳሉ። ጀርመን ከፎን ካርማን ጋር ያጣችው አንድ ፕሮፌሰር ሳይሆን አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ነው።

የፕራንትልን ሳይንስ ማንም አይክደውም። አውሮፕላን ፍጥነቱን የሚለካበት ቱቦ፣ የክንፉ ቅርጽ፣ የተርባይኑ ምላስ፣ የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ሳይቀሩ በእሳቸው ስሌት ላይ የቆሙ ናቸው። እሳቸው ያስተማሩት ትልቁ ነገር ከግድግዳው አጠገብ ያለችው ስስ ንጣፍ ችላ ከተባለች የሩቁ ስሌት ሁሉ እንደሚሳሳት ነበር። በሕይወታቸው ግን ከአጠገባቸው የተባረሩትን እያዩ ስለ አገራቸው ያሰሉት ስሌት ተሳሳተ። ለእኛ ለስደተኞች ከዚህ የሚቀረው ትምህርት በሄዱት መጽናናት ብቻ አይደለም፤ ዛሬም በአገር ቤት በየወንበራቸው ያሉ ምሁራን ባልደረባቸው ሲነሳ ከደብዳቤ አልፈው ምን እንደሚሉ መጠየቅ ነው። እኛም በየተሰደድንበት አገር በስማችን የሚባረር ሌላ ሰው እንዳይኖር መጠንቀቅ ነው።

ቸር ይግጠመን።